«አንቺ» የሚለው ሂተር

ሊነጋጋ ሲል ከሳሎን «አቤት» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እማማ ዘነበች ብቻ ነን... ማንም አልጠራቸውም።

ስማርት ፎን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ፣ እማማ ዘነበች አፓርትመንት ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቀን ሆቴል ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ባለቤታቸው አቶ ደምሴ ካረፉ ሙት ዓመታቸው እንኳን አልደረሰም።

ተነስቼ ስወጣ ነጠላቸውን ተከናንበው ሂተሩ አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ማንን ነው አቤት የሚሉት ብላቸው «እሳቸውን ነዋ» አሉኝ፣ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂተሩ አሮጌ ነው። ጠዋት ሙቀቱ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ «ንንን...» ይልና «ቺ» ብሎ ይተነፍሳል። አቶ ደምሴ ደግሞ የድሮ ሰው ነበሩ፤ ሚስታቸውን በስም ጠርተው አያውቁም። «አንቺ!» ነው። እሳቸውም «አቤት» ሲሉ ኖረዋል። የባላቸውን ስም ከአፋቸው ማውጣትማ ነውር ነው፤ ቢሮ እንኳን ሲጠየቁ ልጃቸውን «ንገሪያቸው» ይሉ ነበር አሉ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በነጋታው ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ... እውነቱን ልናገር፣ «አንቺ» ነው ያለው። ብርድ ልብሴን እስከ አናቴ ስቤ በስመአብ አልኩ።

ልጃቸው ሰላም ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ነርስ ናት። የአፓርትመንቱ የኪራይ ውል፣ ሊዙ፣ ሊያልቅ ስለነበር እናቷን ወደ ራሷ ቤት ለመውሰድ የማትለው የለም። እማማ በዚያ ጨለማ ሲነሱ አንዴ ወድቀው ክንዳቸውን ተጎድተዋል፣ እህልም ትተው ከስተዋል። ብቻ ንቅንቅ የለም። «እየጠሩኝ ጥያቸው ልሂድ? ማን አቤት ይበላቸው?» አሏት። ሰላም ወጣችና መኪናዋ ውስጥ ስታለቅስ አየኋት። እባክህ አንተ ቶክ አድርጋት፣ እኔን አትሰማኝም፣ እዚህ ብቻዋን ትሞትብኛለች አለችኝ።

እኔ ምን ልበል? ያን ሴሚስተር የጥንት ታሪክ ክላስ ወስጄ ነበር፤ ክሬዲት ጎሎኝ እንጂ ወድጄ አይደለም። ድሮ ድሮ አገር ላገር እየዞረ ያየውን መቅደስና ሐውልት ሁሉ የጻፈ አንድ ግሪካዊ ነበር። ግብፅ ሲደርስ የተቀመጠ ሰው የሚመስል ግዙፍ ድንጋይ አየ። ድንጋዩ ፀሐይ ስትወጣ ድምፅ ያሰማል፣ የክራር ክር ድንገት ሲበጠስ እንደሚለው። ብዙ ሰው ሐውልቱን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ይለው ነበር አሉ። ኋላ ሲያድሱት ዝም አለ ብሎ የነገረን ደግሞ አስተማሪያችን ነው።

ይኸው፣ ድንጋይም ሲሞቅ ይጮሃል፣ ብረት ቢጮህ ምን ይገርማል ለማለት ይህን አጫወትኳቸው። የእድሳቱን ነገር ግን ዋጥኩት። እማማ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡኝ።

«ንጉሡ ሲጣራ ማን ነበር አቤት የሚለው?»

«እሱን አልጻፈም፣ እማማ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ምን ሊያደርግ ሄደ?»



ሳምንት ሳይሞላ የአፓርትመንቱ ሜንተናንስ ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ ሂተር መጠገን ጀመሩ። እኛ ጋ ሲደርሱ ያ ሐውልት ትዝ አለኝ። የኛ ደህና ነው፣ ተዉት ልል ነበር... ሰላም አጠገቤ ቆማለች፣ ፊቷ ላይ ያለውን ተስፋ ሳይ ዋጥኩት። እማማም ከወንበራቸው ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። ፈቱት፣ አንዳንድ ነገር ቀየሩ፣ ገጥመው ሄዱ።

ሰላም እዚያው አደረች። ሊነጋጋ ሲል ሁለታችንም ኮሪደሩ ላይ ቆመን እናያቸዋለን። ሙቀቱ መጣ፤ ቤቱ ሞቀ። ቧንቧው ግን ጭጭ። እማማ ጠበቁ። መስኮቱ እየነጣ ሄደ፣ እሳቸው አሁንም ወደ ሂተሩ ጎንበስ እንዳሉ ናቸው። አንጀቴን በሉት። ሰላም ክንዴን ይዛለች።

በኋላ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደምሴ!»

ሰላም ዕድሜ ልኳን የአባቷን ስም ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። እኔ ራሴ አሁን አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ወደ በሩ ነው ያየሁት። ምንም አልመጣም።

እማማ ቆመው ቆመው ወደ እኛ ዞሩ።

«በስማቸው ጠርቻቸው ካልተቆጡ... እዚህ የሉም ማለት ነው። ነይ ሻንጣዬን አውርጂልኝ።»

በዚያው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ። ሊዙን እኔ ወሰድኩት። ሂተሩ ከዚያ ወዲህ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም...

እኔ ግን ሊነጋጋ ሲል እባንናለሁ፤ አንድ ቀን «አንተ!» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ እያልኩ።