የቢቸናው ቻናል

ቢቸና ስማር ቤት ያከራዩኝ ባልቴት ልጅ አልነበራቸውም። እኔ የሞጣ እስላም ነኝ። ለእኔ ወጥ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት ለይተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሏት ነበር፤ ጎረቤት ሲያሾፍባቸው "የእስላሙ ልጄ ናት፣ እንዳትነኳት" ይላሉ። በረመዳን ለሱሑር የሚቀሰቅሱኝም እሳቸው ነበሩ። አልነሣ ስል "ጦሙ የኔ ነው ያንተ?" ይሉኛል።

ከዓመታት በኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ የቢቸና ስልክም ተቋረጠ። መታመማቸውን ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። የቀረኝ የደብራቸው የቴሌግራም ቻናል ብቻ ነው። የሚያስተዳድሩት ባሕር ዳር ያሉ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ከቢቸና እንደምንም የወጣ መንገደኛ የነገራቸውን ይለጥፋሉ። ስብከቱ፣ የንግሡ ማስታወቂያ፣ የጣራው መዋጮ ሁሉ እዚያው ነው፤ ያን ሁሉ አንብቤ አልዘልቀውም። ሞጣ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረውና ስክሪፕት የሚሉትን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ልጥፎቹን ያነባል፤ ሰው ማረፉን የሚናገሩትን ለይቶ ያወጣል፤ የእሳቸው ስም ካለ ይነግረኛል።

ጠዋት ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። "የለም" ሲለኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። የሌላውን ሰው ሞት ዝም ብሎ ማለፍ ግን ነውር ስለሚመስለኝ ከልጥፉ ሥር "ነፍስ ይማር" ብዬ እጽፋለሁ። ቅልል ብሎኝ እንደምጽፈው አልክድም፤ የሞተው የሌላ ሰው ነዋ።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። በራቸው ተቆልፏል። ጎረቤታቸው ገና ስታየኝ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ያኔ ገባኝ።

"አልሰማህም እንዴ? ከፍልሰታ በፊት እኮ ነው። ቻናሉ ላይም ወጥቷል" አለችኝ።

"አልወጣም፤ በየቀኑ ሳይ ነው የከረምኩት።"

"በክርስትና ስማቸው ነዋ" አለችና ስሙን ነገረችኝ።

ስሙን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሙታኗን በክርስትና ስም እንደምትጠራ ሞጣ ያደገ ሰው አያጣውም። በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር ግን የእሳቸው ማን ይሆን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሞጣ ተመልሼ ስሙን ለስክሪፕቱ ሰጠሁት። ወዲያው አገኘው። ሁለት መስመር ናት፤ እናታችን አርፈዋልና በጸሎት አስቧቸው የምትል። ከሥሯ "ነፍስ ይማር" ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ከመጻፌ በፊት አልሐምዱሊላህ ብያለሁ።