የጋሽ ወልዴ ቱንቢና የእኔ ልስን

ከቀራንዮ እስከ አየር ጤና ብሎኬት የደረደራችሁም ያስደረደራችሁም፣ ጋሽ ወልዴ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እጃቸውን ይዘው፣ ወንጌላቸው ደረታቸው ላይ ሆና ነው ያረፉት። የእድራችን ጡሩምባ ሲነፋ እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። የእጄን ሲሚንቶ ሳልታጠብ ሮጥኩ።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራማ ነው፣ ግን እውነት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ ታፔላ ላይ ነው። ግንበኝነቱንም ሰው ሲሠራ እያየሁ ለቀምኩት። የቀረውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ግን አልሰማኋቸውም።

ቄስም ሰባኪም አልነበሩም፤ ግንበኛ ነበሩ። ሲሚንቶ የምታቀብል ሴት ደክሟት ቁጭ ካለች ባልዲዋን ያነሱላት ነበር። አሠሪው መጥቶ ሥራው ለምን ቆመ ካለ «እኔ ነኝ ያቆምኩት» ይሉ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የሲሚንቶ ወረቀት የለበሰች ወንጌላቸውን ከኮታቸው ያወጣሉ። እኛ እየበላን እሳቸው ያስረዱናል። አንድ ቀን ቱንቢያቸውን፣ ያቺን ክር ላይ የታሰረች ብረት፣ ጠዋት ባቆምነው ግድግዳ ላይ ለቀቋት።

«ሕግ ማለት ይቺ ናት» አሉን። «ግድግዳህ መዝመሙን ትነግርሃለች፤ እውነቷን ነው። ግን ቱንቢ ግድግዳ አቃንታ አታውቅም። የሚያቃናው እጁ የተቸነከረው ጌታ ነው።»

እኔ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? የእኔ ዓይን ራሱ ውሃ ልክ ስለሆነ ቱንቢ አያስፈልገኝም አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ «ምትኩ፣ ጠማማ ግድግዳ ቀላል ነው። የሚከብደው ቀጥ ብያለሁ የሚለው ነው» አሉኝ።

የእድራችንን አዳራሽ ስንሠራ ጉልበታቸውን አሟቸው ሁለት ሳምንት ተኙ። ቱንቢያቸውን ሰጥተውኝ የኋላውን ግድግዳ እንዳቆም አዘዙኝ። እኔ ቱንቢዋን ሚስማር ላይ ሰቅዬ በዓይኔ ሠራሁ። ጣራው ሊመታ ሲል ብለካው ሁለት ጣት ወደ ውጭ ዘምሟል። ግንበኛ የሆነ ሁሉ እዚህ ላይ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ይፈርሳል። እኔ ግን ከላይ ሳሳ፣ ከታች ወፈር አድርጌ ለሰንኩት። ከሩቅ ሲያዩት ሙሽራ ነበር።

ክረምቱ አልማረኝም። ወፍራሙ ልስን ውሃ ጠጥቶ ተገሽልጦ ወደቀ፣ ጉዱም ወጣ። የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ማን ነው የሠራው አሉ። ጋሽ ወልዴ በከዘራ ቆመው ነበር። እኔ፣ ይኼ አፌ፣ ልኩን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው አልኩ። እሳቸው ወደ ግድግዳው ተጠግተው የቀረውን ልስን በጣታቸው ነኩት። አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀን ከእድሩ ሥራ አስወጧቸው። እድሜያቸውን ሙሉ የገነቡ ሰው፣ በሰፈር አፍ «ልክ የማያውቁ» ተባሉ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የገና ጾም ሲገባ እንደ እኔ የጾመ ሰው በኮልፌ አልነበረም። ስግደቴን ያየ መነኩሴ ይቀናብኝ ነበር። ሻማ አበራሁ፣ ለለማኝ ሰጠሁ፣ ለጋሽ ወልዴም በየሳምንቱ ብርቱካን ተሸክሜ ሄድኩ። ሁሉንም አደረግኩ፤ አንዷን ነገር ብቻ አልተናገርኩም።

በአራተኛው ብርቱካን ጋሽ ወልዴ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ምትኩ፣ መጾምህ መልካም ነው፣ ጹም። ግን ይኼ ሁሉ ልስን ነው።»

ቀስ እያልኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ይቅር በሉኝ ልል ስል እጃቸውን አነሱ።

«ይቅር ያልኩህማ ያኔ ልስኑን ስነካው ነው። አንተ ዛሬ ሰማኸው እንጂ።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ስምዎ ሲጠፋ አልኳቸው። «ጉድህን እኔ ባወጣብህ ትዋረዳለህ፤ አትድንም። እኔም የምኖረው በነጻ በተሰጠኝ ምሕረት ነው። የእኔ ነው ብዬ አንተን እንዴት ልከልክልህ?» አሉኝ። ደስ ብሎኝ፣ እንግዲያው ነገሩ አለቀ ልል ስል ከዘራቸውን አነሱ። «ይቅርታ ማለት ግድግዳው ቀጥ ብሏል ማለት አይደለም። ና፣ አብረን እናፍርሰው።»

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ፊት ቆምኩ። ጋሽ ወልዴ ከጎኔ ቆመው ክንዴን ያዙኝ። ግድግዳውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኩ። የእድሩ ሰብሳቢ ሐጂ ከድር ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ምትኩ በጠማማ ግድግዳ ሲፎክር ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ሐጂ ተነስተው ጋሽ ወልዴን ሳሟቸው፣ ይቅርታም ጠየቋቸው። ሰኞ ጠዋት ግድግዳውን አፈረስን። የመጀመሪያውን መዶሻ እኔ መታሁ፤ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቱንቢዋን ያዙልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ እየዘፈንኩ ያፈረስኩት ነገር የለም።

የቀብራቸው ዕለት ድንኳኑ የተተከለው እዚያው አዳራሽ ጎን ነው፤ ገመዱም አፍርሰን በቱንቢ መልሰን ባቆምነው በዚያ ግድግዳ ላይ ታሰረ። እትዬ አስካለ በነጠላቸው የቋጠሩትን ቱንቢ ፈተው ሰጡኝ። «ልቀቃት፤ ወልዴ ሳያይ አይሄድም» አሉኝ። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ከላይ ለቀቅኳት። ሐጂ ከድር አጎንብሰው ተመለከቱና «ወላሂ፣ ፀጉር አታስገባም» አሉ። ሰው በለቅሶ መሃል አጨበጨበ።

ጋሽ ወልዴ፣ እንግዲህ በደስታ ይሂዱ። ያን ሁሉ ግንብ ገንብተው አንዲት ብሎኬት እንኳ «ይኼ ሥራዬ ነው» ብለው ይዘው እንዳልሄዱ አውቃለሁ፤ ባዶ እጅዎን፣ በምሕረቱ ብቻ ተማምነው ሄደዋል። ስለ እኔ አይስጉ። ጉራዬን አልተውኩም፣ አቅጣጫውን ነው ያስተካከልኩት፤ አሁን የምፎክረው ይቅር በመባሌ ነው፣ በዚህ የሚበልጠኝ ካለ ከኮልፌ ይምጣ። ቱንቢዎ እኔ ጋ ናት፤ ከእንግዲህ ሚስማር ላይ አልሰቅላትም። ተራዬ ሲደርስ እኔም ሳልለሰን እመጣለሁ። በሩ ጋ ይጠብቁኝ፣ ጋሼ።