የሀጀራ የጎርፍ ሕልም

ሀጀራ ሕልሟን ሳትጽፍ ከሰው ጋር አትነጋገርም። ጎረቤቷ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ "እንዴት አደርሽ?" ስላት እጇን ብቻ ታወዛውዝልኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ኮርታብኝ መስሎኝ ተቀይሜያት ነበር። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ሕልም መጀመሪያ በፈታው ሰው ቃል ይጸናል ብላ ስለምታምን፣ ከሰው በፊት ለደብተሯ ትነግረዋለች። "ወረቀት አያሟርትም፣ እትዬ እፀገነት" ትለኛለች።

ቆቦ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ፊደል የቆጠረችው ካገባች በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ በጽሕፈቷ የሚስቅባት ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር። ደስ ሲላት ታነብልኛለች። ግመል ባጃጅ ሲነዳ አይታለች። ሟች እናቷ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቃት አይታ፣ ያን ሰሞን ሁሉ ስታለቅስ ከርማለች። ፍቺውን ወዲያው አትጽፍም፤ ሰንበት ብላ፣ የሆነውን አይታ ነው። የግመሉ ፍቺ ግን "እራት አብዝቼ ነው" ይላል።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ሕጓን ሳተች። አርግዛ ነበር። ከዚህ በፊት ሁለቴ አስወርዷታልና፣ እሷም ባሏ ሙህዲንም ስለዚህኛው ጮክ ብለው እንኳ አያወሩም። የባሏ አክስት ራዊያ ከደሴ መጥታ እነሱ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አንድ ጠዋት ሀጀራ ደንግጣ ስትነሳ አክስቲቱ አጠገቧ ነበረች። "ምን ሆንሽ ልጄ?" ስትላት፣ ደብተሩን ሳታነሳ ዘረገፈችው። ድፍርስ ጎርፍ በበር ገብቶ አልጋዋን ሲሞላው አይታ ነው።

ራዊያ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ግን ከሐሳቧ ይቀድማል። "ያረቢ፣ ድፍርስ ውሃ በሽታ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ ሰው ይወስዳል" አለች። ወዲያው ራሷ በተናገረችው ደንግጣ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ሀጀራ ደብተሩን አልነካችውም፤ ያን ሕልም ብትጽፈው ይብሱን የሚጸና መሰላት። የክሊኒክ ቀጠሮዋ ሲደርስም አልሄድም አለች። "ተፈቶ ላለቀ ነገር ሄጄ ምን ልስማ ብዬ ነው?" አለችኝ። ተናደድኩ። እኔም ወልጃለሁ፤ ክትትል ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልሰማ አለችኝ። ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ ስትቀመጥ ሳያት ግን አንጀቴን በላችው።

ሄጄ ለሙህዲን ነገርኩት። ሙህዲን ገበሬ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ከሰፈሩ ሰው ጋር እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል። ስለ ሕልሙ ማንም አልነገረውም ነበር። አካፋውን እንኳ ሳያስቀምጥ ገባ።

"ጎርፉ ድፍርስ ነበር?" አላት።

"አዎ።"

"በደንብ የደፈረሰ?"

"ጭቃ ነው የሚመስለው" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ጥርት ያለ ውሃ ለእኛ ማሳ ምን ያደርጋል? ደለል ይዞ የሚመጣው ድፍርሱ አይደል? አክስቴ ያደገችው ደሴ ነው፤ እዚያ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይሸሻል። እኛ እኮ አካፋ ይዘን ወደሱ ነው የምንሮጠው። ክረምቱን ሙሉ ዱዓ የምናደርገው ለምን ሆነና ነው?"

ራዊያ ጥግ ተቀምጣ ነበር። "እኔ የእናንተን ጎርፍ መቼ አወቅሁት" አለች። "ቃሌን አንስቻለሁ፤ እሱ በፈታው ይሁን።"

ሀጀራ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሙህዲን አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "እኔም ፈርቻለሁ" አላት። "ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ግን አብረን እንስማው። አብሽሪ።" ባሏ ፈራሁ ሲል ሰምታ አታውቅም። ትክ ብላ አየችውና ደብተሯን አመጣች፤ ጎርፉንም ደለሉንም ጻፈች። እኔ ባጃጅ ልጠራ ወጣሁ።

ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ የፅንስ የልብ ምት የምታሰማ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሆዷ ላይ አድርጋ ወዲህ ወዲያ ትፈልግ ጀመር። መሣሪያዋ ተንኮሻኮሸች እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። ሀጀራ እጄን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። እኔም በልቤ ማርያም ማርያም እላለሁ። ሙህዲን ብቻ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ከሩቅ ይሰማል፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ቀድሞ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።

"መጣ" አለ።

ነርሷ "ማን?" ብላ ወደ በሩ ዞረች። ያን ጊዜ እኛም ሰማነው፤ ሽው ሽው እያለ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ፈገግ ብላ መሣሪያዋን ልታነሳ ስትል፣ ሀጀራ የነርሷን እጅ ከነመሣሪያው ሆዷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችባት።