ለስለት የገባው ዊልቸር

ማስረሻ ምን አለሽ ተራ ውስጥ፣ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ማንደጃ ሲቀጠቅጥ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ከዚያ በፊት ቆሞ ነበር የሚቀጠቅጠው። አንድ ቀን ከመኪና ላይ የሚወርድ ብረት ወገቡ ላይ ወደቀና እግሮቹን ይዞበት ሄደ። ምላሱን ግን አልነካውም። "ማንደጃህ ቶሎ አረጀብኝ" የምትል ደንበኛ ብትመጣ "እኛስ መች ቀረልን፣ እትዬ?" ብሎ ይመልስላታል።

ዘንድሮ አንድ ክሊኒክ መራመድ ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን ሮቦት ለሙከራ አስመጣ። ከተመረጡት ስድስት ሰዎች አንዱ ማስረሻ ሆነ። ማሽኑ ጭንና ቅልጥም ላይ በቀበቶ ይታሰራል፤ ሰውዬው ክራንች ይዞ ሚዛኑን ሲጠብቅ፣ ጉልበቱ ጋ ያለው ሞተር እግሩን ያነሳለታል። ማስረሻ ሠላሳ አራት እርምጃ ሄደ። ሲቆም መጀመሪያ ያየው የባለሙያዋን የኤልሳቤትን አናት ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰው አገጭ ከታች ሲያይ ለኖረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ እሱ ያውቀዋል፤ ሳያፍር አለቀሰ።

ኤልሳቤት አልዋሸችም። "ማሽኑ ከዚህ ግቢ አይወጣም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሲያወልቁት ወደ ዊልቸርዎ ነው የሚመለሱት" ብላ ነግራዋለች። እህቱ ጽጌሬዳ ግን በስልኳ እየቀረጸች እልልታዋን ታቀልጠው ስለነበር አንድም ቃል አልሰማች።

በማግስቱ ማስረሻ ሲነቃ ዊልቸሩ ከአልጋው ጎን የለም።

"ጽጌ፣ ወንበሬስ?"

"አስገባሁት" አለች፣ ነጠላዋን እያጣጠፈች። ፊቷ በርቷል። "ያኔ ስትወድቅ፣ ወንድሜን በእግሩ ካቆምክልኝ የተቀመጠበትን ወንበር ለደጅህ አመጣለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ይኸው ሰመረልኝ!"

"የቆምኩት እኮ በማሽኑ ነው። ማሽኑ ደግሞ እዚያው ቀረ።"

"አንዴ የቆመ ሰው መልሶ ይቆማል። በል አሁን እምነት አታጉድል።"

ምን ይበላት? እሱን ለማስታመም ስትል የመጣላትን ባል "ወንድሜን ለማን ጥዬ" ብላ የመለሰች ሴት ናት። እንዲህ ስትስቅ ካያት ስንት ዘመኑ! ዝም አይነቅዝም ይባላልና ዝም አለ። የማስረሻ ዝምታ ግን ሳምንት ሳይሞላው ነቀዘ። ክፍሏ ከአልጋው ብዙም አትሰፋ፤ መስኮቷም የምታሳየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ወንበር ላይ እያለ ራሱን የቻለ ሰው ነበር፤ ቆመ ተብሎ ታሰረ። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ "እንኳን ማረህ!" ሊለው ይመጣል፤ እሱ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ እየጎተተ "አሜን" ይላል። እንግዳው ሲወጣ ደግሞ ለሽንቱ እንኳ ጽጌሬዳ ከአትክልት ተራ እስክትመለስ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል።

አሥራ አንደኛው ቀን እሑድ ዋለ። ጽጌሬዳ "ቤተ ክርስቲያን ሄደህ አመስግን እንጂ" አለችው። አብሮት የሚቀጠቅጠው አለሙ የዕቃ ጋሪ እየገፋ መጣ።

"አቦ ና ውጣ፣ እኔ ነኝ ሾፌርህ! ሥራው እኮ ተከምሮ ጣራ ሊነካ ነው" አለና አቅፎ ጋሪው ላይ አስቀመጠው።

ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ቢሆንም ማስረሻ አልተቃወመም፤ በልቡ የያዘው ነገር ነበር። ስለት የሚቀበሉትን ቄስ ለብቻቸው ጠርቶ "አባ፣ እህቴ ሳትሰማ ወንበሬን ይመልሱልኝ" ሊላቸው ነው። መንገዱን ሁሉ ይህችኑ ቃል ሲደጋግም ሄደ።

ቅጥሩ ጋ ሲደርሱ ከቄሱ በፊት ወንበሩን አየው። እማማ አመተ ሥላሴ ተቀምጠውበታል። ስንት ዓመት በዚያ ደጅ በመቀመጫቸው ሲንፏቀቁ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው አሮጊት ናቸው።

"እማማ፣ የወንበሩ ባለቤት ይኸው! ቆሞ የሄደው ወንድሜ!" አለች ጽጌሬዳ።

አሮጊቷ ጎማውን እየገፉ ወደ ጋሪው ተጠጉ። መሬት ያጠነከረውን መዳፋቸውን ጉልበቱ ላይ አሳርፈው፣ ጎንበስ ብለው ሳሙት። እሱ ሲስሙት አየ እንጂ አልተሰማውም።

"ካህናቱ ናቸው ለእኔ የሰጡኝ። ዛሬ እስከ ቤተ መቅደሱ በር ልብሴ ጭቃ ሳይነካው ደረስኩ፣ ልጄ። ዕድሜ ይስጥህ።" ከዚያ ጋሪውን አዩ፤ እግሩን አዩ፤ ግራ ገባቸው። "ታዲያ ቆመህ ከሄድክ በጋሪ ምን አመጣህ?"

የጽጌሬዳ ሳቅ ከንፈሯ ላይ እንዳለ ዓይኗ ወንድሟ ላይ ተተከለ፤ ጥያቄው ገና አሁን ለእሷም የመጣላት ይመስላል። ቄሱ በሩ ላይ ሕዝቡን መስቀል ያሳልማሉ፤ ቢጠራቸው ይሰማሉ። አሁን ከተናገረ ወንበሩን ያገኛል፤ አሮጊቷ መሬት ይወርዳሉ፤ የእህቱም ደስታ እዚያው ደጅ ላይ ያበቃል። ማስረሻ ፈራ። ከብረቱ ቀን ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

"ደክሞኝ ነው፣ እማማ" አለ። "ሰሞኑን ብዙ ሄድኩ።"

"እሰይ! በል እንግዲህ ዕረፍ፣ ልጄ" አሉና ወንበሩን አዙረው ወደ ቅጥሩ ገቡ።