ከሆሞሻ የመጣው ደብዳቤ

የእህቴ ልጅ ዘይነባ አሶሳ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ማንጎ እየበላን ሳለ፣ «አጎቴ፣ አድማጮች ከሚልኩት መልእክት ውስጥ ሰው የሚያጋጨውን ቆርጠሽ አውጪ ተባልኩ። ልክ ነው?» አለችኝ። የያዝኩትን ማንጎ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ክልላችን አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን አሶሳ አንድ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ነኝና ወንበርና ጠረጴዛ በማግኘቴ ኩራቴ ለጉድ ነበር። በየወሩ አንዲት ጋዜጣ በስቴንስል፣ ማለት በሰም በተቀባ ወረቀት ላይ እየመታን፣ እናባዛለን፤ የሕዝብ ደብዳቤም ይወጣባታል።

በክረምቱ መግቢያ ከሆሞሻ ደብዳቤ መጣ። ሸህ ኢድሪስ የሚባሉ፣ የአገሩ ነባር የሆኑ የበርታ ገበሬ በአስተማሪ ያስጻፉት ነው። ሰላምታ ያቀርቡና አዲሱን ክልል ይመርቃሉ። ከዚያ፣ ከላያቸው ያለው የሰፈራ መንደር ሰዎች የጸረ ተባይ በርሜል ምንጩ ራስ ላይ እንደሚያጥቡ፣ ከታች የሚጠጡት ልጆች እየታመሙ መሆኑን ይናገራሉ። «ይነገርልን» ይላል መጨረሻው።

ሙሉውን ከመታሁት በኋላ የአለቃችን ቃል ትዝ አለኝ። ሕዝብ ከሕዝብ የሚያጋጭ ነገር እንዳይወጣ ይሉን ነበር። እውነትም በነባሩና በሰፋሪው መካከል ያለው ነገር ያስፈራ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ ያንን የጥፍር ቀለም የሚመስል ቀይ ማረሚያ አነሣሁና ከሰላምታው በታች ያለውን እንዳይታተም በሙሉ ቀባሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጋዜጣው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ሸህ ኢድሪስ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ የደረቀ ባሚያ በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ያቀላቅላል።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ወጣች አሉኝ። እኔ ፊደል አላውቅም። አንብብልኝ።»

ሰላምታውን አነበብኩ። አለቀ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም። አፈርኩና የቀባሁትን በቃሌ ቀጠልኩ፤ በርሜሉን፣ ምንጩን፣ የልጆቹን ሕመም አንድም ሳላስቀር ወረድኩት።

«ወላሂ፣ ሁሉን ጽፋችኋል። አሁን መንግሥት ይሰማል» አሉና ጋዜጣውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ባሚያውን ቤት ወስጄ በላሁት።

ማሽላው ሲታጨድ ተመልሰው መጡ። ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«አስተማሪው አነበበው። ሰላምታ ብቻ ነው አለ።»

ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ሐሊማ ሞተ» አሉ። የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ናት። «የመንደሩ ሰዎች ወረዳ እንሂድ ሲሉ እኔ ከለከልኩ። ተጽፏል፣ ይመጣሉ አልኩ። እኛ አንተ ያነበብከውን ጠበቅን።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ላይኛው መንደር ሄጄ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ። ደነገጡ። «ውሃው እነሱ ዘንድ መውረዱን መች አወቅን? እስከ ዛሬ ማን ነገረን?» አሉኝ። በርሜሎቹን በዚያው ቀን አነሡ። ማንም ከማንም አልተጋጨም።

ይህን ሁሉ ለዘይነባ ነገርኳት። ደግሞ ከዚያ ወዲህ በአንድ ወሬ ምክንያት ቤት ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁሉንም ልቀቂው የምልበት አፍ የለኝም።

«ከሆሞሻስ መልእክት ይመጣል?» አልኳት፣ ልትሄድ ስትነሣ።

«ይመጣል እንጂ» አለችኝ ሻርፗን እያስተካከለች። «ከቆረጥነው በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ሰላምታው ነው።»