የአሰቧ ኳስ

ኮምቦልቻ በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቶቼ ዶሮ ሲነጩ፣ በፈላ ውሃ የራሰው ላባ ሽታ አጎቴን ይመርን አስታወሰኝ። አጎቴ አሰብ ወደብ ሲሠራ ቀይ ባሕር ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። መንጠቆው ላይ ላባ ያስራል፤ ላባ ብቻውን ሩቅ ስለማይወረወር ክሩ ላይ እስከ ግማሽዋ ውሃ የሞላት ትንሽ የፕላስቲክ ኳስ ይጨምራል። ወደ ደሴ ሲመለስ የተረፈችለት አንዲት ኳስ ነበረች።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሐይቅ ወሰደኝ። ውሃውን በእፍኙ ቀመሰና ሳቀ።

«ጨው የለውም! የዚህ ዓሣ አልጫ ነው። ወላሂ፣ መንገዱ ሲከፈት አሰብ ወስጄ ባሕሩን አሳይሻለሁ።»

መንገዱን ማን እንደዘጋው አልገባኝም። ኳሷን ያሰረበት ቋጠሮ ሲላላ ግን አየሁ።

«ምነው ዝም አልሽ? ምላስሽን ደሴ ረሳሽው እንዴ?» አለኝ።

ትልቅ ሰው ማረም አሳፈረኝና አንገቴን ደፋሁ። ወረወረ። ክሩ ባዶውን እግራችን ሥር ወደቀ፤ ኳሷ ብቻዋን ወደ መሃል ሄደች። እስክትጠፋ ቆሞ አያት። ከዚያ ወዲህ ስለ አሰብ አውርቶ አያውቅም፤ ሌሎች ሲያነሱበት «እጄ ድሮም ቋጠሮ አያውቅም ነበር ማለት ነው» ይል ነበር።

አምና ቀበርነው። አይቼ ዝም ማለቴን ልነግረው በሕይወት ሳለ ስንት ጊዜ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ጤናውን ብቻ ጠይቄው ተመልሻለሁ።