ታንኳ ቀዛፊውን የረሳው ደራሲ

ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነበር። ተራው እስኪደርስ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ ስለሚያነብ ጓደኞቹ «ፕሮፌሰሩ» ይሉት ነበር። የሚያነበው ታሪክ ወይም ፖለቲካ አልነበረም፤ የሌለ አገር፣ የሌለ ንጉሥ፣ የሚናገር ወንዝ ያለባቸውን ምናባዊ ልቦለዶች ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ የአዲስ አበባ ደራሲ ከሐይቅ በታች ስላለች ከተማ የጻፋቸውን ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንዱንም አንብቤ አላውቅም። ግን እራት ስንበላ ስለሚተርክልኝ በውስጣቸው ያሉትን ሰዎች እንደ ጎረቤት አውቃቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ጎንደር ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና ገጨው። ባጃጇ ከጥቅም ውጪ ሆነች። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሦስት ቦታ ተሰበረ። ብረት ገባለት፤ አጥንቱ ግን አልገጠመም። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዶ እንደገና መከፈት አለበት አለን። መንገዱ አንድ ሳምንት ሲከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ በአውሮፕላን ለመሄድ ደግሞ አቅማችን አይፈቅድም። ዛሬ ነገ ስንል ቀረን።

መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ ሙዝና ጁስ ይዘው ይመጡ ነበር። እያደር ቀነሱ። አልቀየምኳቸውም፤ ሰው በየቤቱ የራሱ ጣጣ አለበት። እሱ ግን ከግቢው መውጣት ተወ። በክራንች መታየቱን ጠላው። ሦስቱን መጻሕፍት ደጋግሞ አነበባቸው፤ አንድ ቀን ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ደብተር ጭኑ ላይ አድርጎ ሲጽፍ አገኘሁት።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቀዛፊውን ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ ታንኳ ቀዛፊ አለ። ከከተማዋ የተባረረችውን ልዕልት በታንኳው ያሻግራታል። እሷም «እስክመለስ እዚሁ ጠብቀኝ» ትለውና ትሄዳለች። በሦስተኛው መጽሐፍ ልዕልቲቱ ዙፋኗን ታገኛለች፤ ቀዛፊው ግን ስሙ እንኳ አይነሳም። ባለቤቴ ይህ ነገር አላስተኛው አለ። «ምነው ተወው? ሰውየው እኮ አሁንም ዳር ላይ ቆሟል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ራሱ ይጽፍለት ጀመር። አንድ ደብተር ሞላ፤ ሁለተኛውን ጀመረ። እኔ ስሰፋ ያነብልኛል። ጥሩ ቦታ ሲደርስ የስፌት መኪናዬን ፔዳል መርገጥ ትቼ እሰማዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ሸጋ አድርጎ ይጽፍ ነበር።

አንድ ሐሙስ ፒያሳ ጨርቅ ላደርስ ሄጄ የአንድ ካፌ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ያው ደራሲ ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር ይመጣል፤ ከአንባቢዎች ጋር ይወያያል፤ መጽሐፍ ይፈርማል። እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ቤት ደረስኩ። ስነግረው የያዘውን መጽሐፍ አጥፎ፣

«ስንት ሰዓት?» አለ።

በዚያ ዓመት ሰዓት ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። አርብ ማታ ጢሙን ተላጨ። ሸሚዙን ሁለት ጊዜ አስተኮሰኝ። ደብተሩን ይያዝ ወይስ አይያዝ ብሎ ሲያመነታ እኔ ሁለቱንም ደብተሮች ከመጻሕፍቱ ጋር በፌስታል አደረግኳቸው።

ጠዋት አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛው በባጃጅ ወሰደን። የውይይቱ አዳራሽ ፎቅ ላይ መሆኑን ያወቅነው እዚያ ስንደርስ ነው። ደረጃውን በቂጡ እየተቀመጠ፣ እያረፈ ወጣው። ወጣቶች እየዘለሉ ያልፉን ነበር። «እንመለስ?» አልኩት። ቀጣዩን ደረጃ ወጣ።

ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ ነው። ደራሲው ካሰብኩት በላይ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ ከሰዓት ተመላሽ ነኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ትንሽ እንደተናገረ መብራት ጠፋ፤ ማይክራፎኑም ሞተ። ከኋላ ያለነው ጆሯችንን አቁመን ነበር የምንሰማው። ስለ ወረቀት መወደድ፣ ስለ አሳታሚዎች፣ ልጅ ሳለ ስለሚፈራው ጨለማ አወራ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር።

ጥያቄ ሲፈቀድ ባለቤቴ እጁን አወጣ። ለመነሳት ሲታገል ክራንቹ ወደቀ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ያነሳሁለት እኔ ነኝ።

«ታንኳ ቀዛፊው» አለ፣ «ልዕልቲቱ ጠብቀኝ ያለችው። በሦስተኛው ላይ የለም። ምን ሆነ?»

ደራሲው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ቀዛፊ… አዎ፣ አዎ» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ? ረስቼው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ደራሲውም ሳቀ። በባለቤቴ እንዳልሳቁ አውቃለሁ፤ በደራሲው ግልጽነት ነው የሳቁት። ባለቤቴም ከሰው ጋር ጥቂት ሳቅ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ከሆስፒታል በወጣበት ቀን የነበረው ፊት ነው።

ለፊርማ ሰው ሲሰለፍ «እንሂድ» አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። «ደብተሩን ሳያይማ አንሄድም» አልኩት። «ተይው» አለ። «ተይው ብዬሻለሁ።» አልሰማሁትም። ደረጃው አፍ ላይ አስቀምጬው ፌስታሉን ይዤ ተሰለፍኩ። አንድ ሰው አንብቦ በርታ ቢለው፣ አንድ ቃል ብቻ፣ ይበቃዋል ብዬ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ የመጀመሪያውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። የዝግጅቱ አስተባባሪ ደራሲውን «በረራው እንዳያመልጥህ» እያለ ይጎተጉተዋል። ደራሲው ቀና ሳይል፣

«ለማን ልበል?» አለኝ።

ደብተሩን የጻፈው ማን ነው ማለቱ መስሎኝ የባለቤቴን ስም ነገርኩት። ደብተሩን ገለጠና በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በባለቤቴ ጽሑፍ ላይ አግድም፣ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ጻፈ፤ መልካም ንባብ ብሎ ፈረመበት። መጽሐፍ መግዛት ያልቻልን መስሎት ደብተር ላይ የፈረመልን በደግነት ነው።

«አይደለም እኮ» አልኩ። «እሱ የጻፈው ነው። የቀዛፊውን… እንድታየው ነበር።»

ያኔ ገጹን አየው። ደነገጠ። «ውይ፣ በጣም ይቅርታ እህቴ» አለ። አንድ ሁለት መስመር ለማንበብ ሞከረ መሰለኝ፤ ግን ከኋላዬ «እህት፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉ፤ አስተባባሪውም ክንዱን ያዘው። «በቴሌግራም ላኩልኝ፣ አነበዋለሁ» ብሎ አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ።

ባለቤቴ ደረጃው ላይ እንዳስቀመጥኩት ነበር። ደብተሩን ተቀብሎ ገለጠው። ረጅም ጊዜ አየው።

«እጅ ጽሑፉ ሸጋ ነው» አለ። ወደ ፌስታሉ መለሰው።

እሑድ ሙሉ ቀን የደብተሩን ገጾች በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ ላክሁ። ኔትወርኩ እየተቆረጠ እስከ ማክሰኞ ፈጀብኝ። መልእክቱ እንደታየ የሚያሳየው ምልክት መጣ። መልስ አልመጣም። ከወር በኋላ «ሰላም ነህ? አነበብከው?» ብዬ ጻፍኩ። እሱም ታየ። ከዚያ በኋላ አልጻፍኩም። ስንት ሰው ይልክለት ይሆናል።

ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እስክሪብቶ አልያዘም። አንድ ጊዜ ደፍሬ፣ «አንተ ለምን አትጨርሰውም? እኔ መጨረሻውን ማወቅ እፈልጋለሁ» አልኩት።

«የፈጠረው ሰው ረስቶታል» አለኝ። «እኔ ማን ሆኜ ነው?»

ባልወሰድኩት፣ ደብተሩን ባላወጣሁት እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ። እሱ ወቅሶኝ አያውቅም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ላይ የእግሩ ቁስል አመረቀዘ። ሐኪሙ አሁን ስለ አዲስ አበባ ማውራት ትቷል፤ ከጉልበቱ ስለ መቁረጥ ነው የሚያወራው። ሲነግረን ባለቤቴ ልክ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ስንወጣ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ «ፈራህ?» አልኩት።

«አይ» አለኝ። «ደክሞኛል።»

ዝናብ ስለነበር ባጃጅ ጠፋ። በሩ ሥር ተጠግተን ቆምን።